ለቤት ውስጥ ስቱዲዮ የመቅጃ ሶፍትዌር ምርጫ፦ የአንዲት ድምፃዊ ጉዳይ

ይህ የጉዳይ ጥናት ግጥምና ዜማ ራሷ እየደረሰች በጊታር የምትዘፍን አንዲት ድምፃዊ፣ በመኝታ ክፍሏ ጥግ ባደራጀችው ትንሽ ስቱዲዮ ስድስት ዘፈኖችን ለመቅዳት ስትነሣ የመቅጃ ሶፍትዌር የመረጠችበትን መንገድ ይተርካል። በድምፅ ቀረጻ ሥራ ላይ የቆየሁ በመሆኔ ምክር ፈልጋ ወደ እኔ መጣች፤ ከመጀመሪያው ውይይት እስከ አራተኛው ዘፈን ርክክብ ድረስም አብሬያት ነበርኩ። ጉዳዩን በዝርዝር ለመጻፍ የተነሣሁት ስለ መቅጃ ሶፍትዌር የሚደረገው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ «የትኛው ይበልጣል» በሚለው ጥያቄ ላይ ተወስኖ ስለሚቀር፣ ይህ ጥያቄ እርሷን ምን ያህል ጊዜ እንዳስከፈላትም በቅርብ ስላየሁ ነው።

የነበራት ዕቃ ጥቂት ነው፤ ዊንዶውስ የተጫነበት የአምስት ዓመት ላፕቶፕ ከ8 ጊጋባይት ራም ጋር፣ በዩኤስቢ የሚገናኝ ሁለት መግቢያ ያለው ኦዲዮ ኢንተርፌስ (ማይክራፎንንና ጊታርን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ መሣሪያ)፣ ከኢንተርፌሱ 48 ቮልት የሚወስድ አንድ ኮንደንሰር ማይክራፎን፣ ድምፅ ሳይሆን የተነኩትን ቁልፎች መረጃ ወደ ኮምፒውተር የሚልክ ባለ 49 ቁልፍ ሚዲ ኪቦርድና ድምፅ ወደ ውጭ የማያሾልክ ሄድፎን። ስፒከር አልነበራትም፤ የመጨረሻውን ሚክሲንግ (የተቀዱትን ድምፆች አመጣጥኖ ማዋሐድ) በሌላ ቦታ ያለ ባለሙያ እንዲሠራላት ተስማምታ ስለነበር ለጊዜው አላስፈለጋትም። ባለሙያው የሚሠራው ፕሮ ቱልስ በሚባለው የመቅጃ ሶፍትዌር በመሆኑ እርሷም «እሱ የሚጠቀምበትን ካልያዝኩ ሥራዬ አይገጥምም» ብላ ታምን ነበር። ወደ እኔ ስትመጣ ጥያቄዋ ይኸው ብቻ ነበር ማለት ይቻላል፤ ፕሮ ቱልስን ልያዝ ወይስ ከእርሱ የሚሻል አለ?

መልስ ከመስጠቴ በፊት እስከዚያ ድረስ የቀዳችውን እንድታሰማኝ ጠየቅኋት። ያሰማችኝ በአንድ ነፃ ፕሮግራም የተቀዳ ዘፈን ነበር። ጊታሩ ንጹሕ ነው፤ ድምፁም በሚገባ ተይዟል፤ ነገር ግን ከጊታሩ በላይ የተደረበው ድምፅ በየስንኙ ወደ ኋላ ይጎተታል። «ምት አልጠብቅም» አለችኝ። ለወራት ምት ከሚቆጥረው ከሜትሮኖም ጋር ስትለማመድ ቆይታ ለውጥ ባለማየቷ መዝፈኗን እስከ መጠራጠር ደርሳ ነበር። እኔ ግን መዘግየቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እኩል መሆኑን ስሰማ ጥርጣሬ አደረብኝ። ምት የማይጠብቅ ሰው አንዴ ይቀድማል፣ አንዴ ይዘገያል፤ ለአራት ደቂቃ ያህል በአንድ ዓይነት መጠን የሚዘገይ ሰው ግን ገጥሞኝ አያውቅም።

የመዘግየቱ ምክንያት

ስለዚህ የሶፍትዌሩን ምርጫ ለጊዜው ወደ ጎን አድርገን መጀመሪያ መለካት ጀመርን። ዘዴው ቀላል ነው። ከኢንተርፌሱ መውጫ ወደ ራሱ መግቢያ አንድ ገመድ ይሰካል፤ በፕሮግራሙ ውስጥ አጭርና ስለታም የሜትሮኖም ድምፅ ይጫወትና ያው ድምፅ በገመዱ ተመልሶ በሁለተኛ ትራክ፣ ማለትም ራሱን በቻለ ሌላ የድምፅ መስመር፣ ላይ ይቀዳል። ሁለቱ ሞገዶች በስክሪኑ ላይ ሲተያዩ በመካከላቸው ያለው ክፍተት የመሣሪያው ትክክለኛ መዘግየት ነው። እርሷ ስትጠቀምበት በነበረው አቀማመጥ ክፍተቱ 112 ሚሊ ሰከንድ ሆኖ ተገኘ። ድምፅ በአየር ውስጥ አንድ ሜትር ለመጓዝ ወደ 3 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ስለሚፈጅበት፣ ይህ ከጊታር ተጫዋቹ 38 ሜትር ርቆ ቆሞ እንደመዝፈን ያህል ነው። በደቂቃ 100 ምት ባለው ዘፈን ውስጥ አንድ ምት 600 ሚሊ ሰከንድ፣ የምቱ ሩብ ደግሞ 150 ሚሊ ሰከንድ እንደሆነ ስናስብ፣ 112 ሚሊ ሰከንድ ማንም ጆሮ የሚይዘው ስሕተት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚደባለቁ ሁለት የመዘግየት ዓይነቶችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ዘፋኙ እየዘፈነ ሳለ የራሱን ድምፅ በሄድፎን ዘግይቶ የሚሰማበት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ፕሮግራሙ የተቀዳውን ድምፅ በጊዜ መስመሩ ላይ ከትክክለኛ ቦታው አዘግይቶ የሚያስቀምጥበት ነው። የእርሷ ኢንተርፌስ ማይክራፎኑን በቀጥታ ወደ ሄድፎን የሚያሳልፍ መቀያየሪያ ስለነበረው የመጀመሪያው ዓይነት ችግር አልነበረባትም፤ ስትዘፍን ራሷን በሰዓቱ ትሰማ ነበር፤ በትክክልም ትዘፍን ነበር። ስሕተቱ የሚታየው መልሳ ስታዳምጥ ብቻ በመሆኑ ጥፋቱን ከመሣሪያው ይልቅ ከራሷ ፈለገች።

ምክንያቱ ፕሮግራሙ ከኢንተርፌሱ ጋር የሚነጋገረው በዊንዶውስ አጠቃላይ የድምፅ መንገድ በኩል መሆኑና መዘግየቱን የሚያካክሰው ቁጥርም ሳይስተካከል መቅረቱ ነበር። ኩቤዝ የተባለውን መቅጃ ሶፍትዌር የሚሠራው ስታይንበርግ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው አዚዮ የሚባል የድራይቨር (ኮምፒውተሩን ከመሣሪያው ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም) ሥርዓት ፕሮግራሙ ከኢንተርፌሱ ጋር በቀጥታ እንዲገናኝና ድራይቨሩም ስለ መዘግየቱ መጠን ለፕሮግራሙ እንዲያሳውቅ ያደርጋል፤ ፕሮግራሙም በዚያ መጠን ቀረጻውን ወደ ፊት ይስበዋል። የኢንተርፌሱን አዚዮ ድራይቨር ጭነን፣ በ48 ኪሎ ኸርዝ (በሰከንድ 48,000 የድምፅ ናሙና ወይም ሳምፕል) በፈሩን፣ ማለትም ድምፁ ከመተላለፉ በፊት የሚጠራቀምበትን ማቆያ፣ 128 ሳምፕል ላይ አድርገን አዚዮን በሚደግፍ ሌላ ፕሮግራም ስንለካ፣ በፈሩ በአንድ አቅጣጫ የሚጨምረው 2.7 ሚሊ ሰከንድ ያህል ብቻ ሆነ፤ ተመልሶ የተቀዳው የሜትሮኖም ድምፅም ከመጀመሪያው ጋር በዓይን ሊለይ በማይችል መጠን ገጠመ። በእኔ እምነት ለቤት ስቱዲዮ ሶፍትዌር የሚመርጥ ሰው ስለ ውበትና ስለ ዝና ከማሰቡ በፊት ይህን መለኪያ በገዛ ኮምፒውተሩ ላይ ማድረግ አለበት።

በወረቀት ላይ የቀሩት

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ዘፈን ምን እንደሚጠይቅ ቆጠርን። በግራና በቀኝ የሚቀመጡ ሁለት ጊታሮች፣ አንድ መሪ ድምፅና ሁለት ድራቢዎች፣ በአዝማቹ ላይ የሚገቡ ስድስት ተቀባይ ድምፆች፤ ይህ ብቻ 11 የኦዲዮ ትራክ ነው። በተጨማሪ ከበሮው፣ ቤዙና አንድ የኪቦርድ ክፍል በሚዲ የሚሠሩ ናቸው። ይህ ቆጠራ ብቻውን ከረዥም ክርክር አድኖናል።

ሎጂክ ፕሮና ጋራዥባንድ የሚሠሩት በአፕል መሣሪያዎች ላይ ብቻ ነው፤ አፕል በ2002 እ.ኤ.አ. የሎጂክን ባለቤት ኢማጂክን ከገዛ በኋላ የዊንዶውሱ ስሪት ተቋርጧል። ላፕቶፕ የመቀየር ሐሳብ ስላልነበራት ሁለቱ ወዲያው ወጡ። ኦዳሲቲ ለንግግር ቀረጻና ለድምፅ ማረም የማከብረው ነፃ ፕሮግራም ቢሆንም በሚዲ ኪቦርድ የሚጫወቱትን አይቀዳም፤ ከበሮዋን በጣቶቿ ለምትመታ ሰው ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ነበር። ኤፍ ኤል ስቱዲዮና ኤብልተን ላይቭ ላይ ብዙም አልቆየንም። አንደኛው በከበሮ ቅንብር መሣሪያነት የተወለደ፣ ሁለተኛው አጫጭር የሙዚቃ ክፍሎችን እያፈራረቁ በማጫወት የታወቀ ሲሆን፣ ዘፈኑን ከምት ተነሥቶ ለሚገነባ አቀናባሪ ከሁለቱ አንዱን ያለማመንታት እመክር ነበር። እርሷ ግን የምትነሣው ከጊታርና ከድምፅ ነው።

ፕሮ ቱልስን በቀላሉ ማለፍ አልተቻለም፤ ልቧ እዚያ ነበርና። ፕሮግራሙ በ1991 እ.ኤ.አ. ወጥቶ የትላልቅ ስቱዲዮዎች መግባቢያ እስከ መሆን ደርሷል፤ በ2010 እ.ኤ.አ. ስሪት 9 እስኪወጣ ድረስም ከአምራቹ ወይም ከእህት ኩባንያው የድምፅ መሣሪያ ጋር ካልሆነ አይሠራም ነበር። ዛሬ በማንኛውም ኢንተርፌስ ይሠራል፤ ኢንትሮ የሚባል ነፃ እትምም አለው። ነገር ግን ነፃው እትም በ8 የኦዲዮ ትራክ የተወሰነ ነው፤ የእርሷ ዘፈን ደግሞ 11 ይፈልጋል። በተጨማሪም ፕሮ ቱልስ የሚቀበለው ኤ ኤ ኤክስ የሚባለውን የፕለጊን (በፕሮግራሙ ውስጥ የሚጨመር መሣሪያ) ዓይነት ብቻ ስለሆነ፣ አስቀድማ የሰበሰበቻቸውና ቪ ኤስ ቲ በሚባለው ሌላ ዓይነት የተሠሩት ነፃ የከበሮና የቤዝ መሣሪያዎች አይከፈቱበትም። ሙሉውን እትም በየጊዜው በሚታደስ ክፍያ መያዝ ይቻል ነበር። ሆኖም ገቢዋ ወጥ ባልሆነ ሰው ላይ፣ ክፍያው በተቋረጠ ወር የገዛ ሥራዋን መክፈት የማትችልበት ዕድል መኖሩ አሳሰበኝ፤ ይህንኑም በግልጽ ነገርኳት።

ስለ ፈቃድ ስንነጋገር ያነሣሁላት አንድ ታሪክ ሐሳቧን በእጅጉ ቀይሮታል። ኬክዎክ በዊንዶውስ ላይ ለረዥም ዓመታት የቆየ መቅጃ ነበር፤ በኅዳር 2017 እ.ኤ.አ. ባለቤቱ ጊብሰን ልማቱን እንደሚያቆም አስታወቀ፤ በቀጣዩ የካቲት ባንድላብ ገዝቶት በነፃ እስኪለቅቀው ድረስ ተጠቃሚዎቹ የፕሮጀክቶቻቸው ዕጣ ምን እንደሚሆን አያውቁም ነበር። ከዚህ በመነሣት የየትኛውንም ፕሮግራም ፕሮጀክት ፋይል እንደ ዘላቂ ማስቀመጫ እንዳናይ፣ ያለቀ ዘፈን ሁሉ በየትኛውም ፕሮግራም በሚከፈቱ ተራ የዋቭ የድምፅ ፋይሎችም እንዲቀመጥ ተስማማን። በ24 ቢትና በ48 ኪሎ ኸርዝ የአንድ ትራክ አንድ ደቂቃ 8.64 ሜጋባይት ይይዛል፤ 11 ትራክ ያለው የአራት ደቂቃ ዘፈን 380 ሜጋባይት ገደማ ነው። ስድስቱም ዘፈኖች በአንድ ትንሽ ውጫዊ ዲስክ ላይ ያለ ችግር ይቀመጣሉ።

በአንድ ዘፈን ላይ የተደረገ ፈተና

ሦስት ፕሮግራሞች ቀሩ። አንዱ ሪፐር ነው፤ የሌሎቹን የሁለቱን ስም የማልጠቅሰው በአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ የታየ ችግር የፕሮግራሙ ባሕርይ ነው ተብሎ እንዳይወሰድ ነው። ፈተናው አንድ ዘፈን፣ ያውም ልትጨርሰው የምትፈልገው ዘፈን፣ በሦስቱም ላይ ከባዶ እስከ ርክክብ እንዲሠራ ነበር። የሙከራ ቅንጣቢ መሥራት አይበቃም፤ ሰው በቅንጣቢ ላይ ትዕግሥተኛ ነው፤ የፕሮግራሙ እውነተኛ ጠባይ የሚታየው አምስተኛው ተቀባይ ድምፅ ለአራተኛ ጊዜ ሲደገም ነው።

ከሁለቱ ስማቸው ካልተጠቀሱት አንደኛው ብዙ ዝግጁ የሙዚቃ መሣሪያዎችን ይዞ የመጣ፣ ለዓይንም የሚማርክ ነበር። በመጀመሪያው ምሽት የከበሮውን ክፍል ጨርሳ እጅግ ተደሰተች። ዳሩ ግን መሣሪያዎቹ 8 ጊጋባይቱን ራም ስለሞሉት፣ ትራኮቹ አሥር ሲደርሱ ድምፁ መቆራረጥ ጀመረ። በፈሩን ወደ 1024 ሳምፕል ከፍ ስናደርገው መቆራረጡ ቆመ፤ ነገር ግን በዚህ መጠን በፈሩ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከ21 ሚሊ ሰከንድ በላይ ስለሚያዘገይ ከበሮውን በኪቦርድ መምታት የማይቻል ሆነ። ሁለተኛው ፕሮግራም ብዙም አልከበደውም፤ ሆኖም አንድን ስንኝ ደጋግሞ ቀድቶ ከየቴኩ (ከእያንዳንዱ ድግግሞሽ ቅጂ) ጥሩ ጥሩውን ቃል መልቀም በእርሱ ላይ አድካሚ ነበር፤ በየመካከሉ መስኮት እየከፈተች እየዘጋች የዘፈኑ ስሜት ከእጇ ይወጣ ነበር።

ሪፐር የጀመረው በተቃራኒው መንገድ ነው። ዊናምፕ የተባለውን የሙዚቃ ማጫወቻ በፈጠረው በጀስቲን ፍራንክል ተጀምሮ በ2006 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው ሙሉ ስሪት የወጣ ሲሆን፣ መጫኛው በጣም ትንሽ ነው፤ ወዲያው ይከፈታል፤ 60 ቀን ያለ ምንም ገደብ ይሞከራል። ነገር ግን ሲከፈት የሚታየው ባዶና ግራጫ ገጽ ነው፤ የሚመታ ከበሮ የለውም፤ ዝርዝር ምርጫዎቹም ለጀማሪ ያደክማሉ። በመጀመሪያው ምሽት ትራኩን ለቀረጻ ማዘጋጀትና መግቢያውን መምረጥ የት እንደሆነ ስትፈልግ ቆይታ ምንም ሳትቀዳ ተኛች። ይህን አሳንሼ ማለፍ አልፈልግም፤ ብዙ ሰው ሪፐርን የሚተወው በዚያች ምሽት ነው።

የድምፅ ጥራት ክርክርና የዝምታው ፈተና

በሁለተኛው ሳምንት ድምፃዊቷ በደስታ ደወለችልኝ። ሪፐርን መርጣለች፤ ምክንያቷም «ድምፄ በእሱ ላይ ሞቅ ብሎ ወደ ፊት ይመጣል፤ በሌላው ላይ ይቀጥናል» የሚል ነበር። እኔ ወደ ሪፐር አዘንብዬ የነበርኩ ብሆንም ይህን ምክንያት ልቀበለው አልቻልኩም። ፕሮግራሞች ትራኮችን ሲደምሩ የሚሠሩት የሒሳብ ድምር ነው፤ ድምሩ በአንዱ ሞቃት፣ በሌላው ቀዝቃዛ ሊሆን አይችልም። በተሳሳተ ምክንያት የተያዘ ትክክለኛ ምርጫ ደግሞ ሌላ ሰው የተለየ ወሬ ይዞ በመጣ ቀን ይናዳል።

ስለዚህ ፈተነው። ያው ሦስት ፋይል፣ ማለትም በግራና በቀኝ ጥግ የተቀመጡ ሁለት ጊታሮችና መሐል ላይ ያለ ድምፅ፣ ያለ ምንም ኢፌክት በሪፐርና ስሙ ባልተጠቀሰው በሁለተኛው ፕሮግራም ተደምሮ ወጣ። ሁለቱ ውጤቶች በአንድ ፕሮጀክት ውስጥ ጎን ለጎን ከተቀመጡ በኋላ የአንደኛው ሞገድ ተገለበጠ። ሁለቱ ፋይሎች አንድ ዓይነት ከሆኑ ሲደመሩ ተጠፋፍተው ፍጹም ዝምታ መስጠት አለባቸው። በመጀመሪያው ሙከራ ዝምታ አልመጣም፤ ድምፅዋ ብቻዋን፣ ያለ ጊታሩ፣ ከርቀት እንደሚሰማ ሆኖ ቀረች። ይህ ራሱ መልሱን ይዞ ነበር፤ ልዩነቱ ያለው መሐል ላይ በተቀመጠው ትራክ ላይ ብቻ ነው።

ምክንያቱ የፓን ሕግ ይባላል። መሐል የተቀመጠ ድምፅ ከሁለቱም ስፒከር ስለሚወጣ ጎልቶ እንዳይሰማ ብዙ ፕሮግራሞች በ3 ዴሲቤል ያህል ይቀንሱታል፤ ሪፐር ግን ካልተቀየረ በስተቀር አይቀንስም። ሁለተኛው ፕሮግራም የድምፃዊቷን ድምፅ በ3 ዴሲቤል ዝቅ ያደርገው ስለነበር ከጊታሮቹ አንጻር የቀጠነ መሰላት። የሪፐርን የፓን ሕግ ከሌላው ጋር አስማምተን እንደገና አውጥተን ስንገለብጠው የድምፅ መለኪያው ምንም አላሳየም፤ በሄድፎንም ምንም አልተሰማም። አብረን ያንን ዝምታ ካዳመጥን በኋላ ስለ ድምፅ ጥራት ዳግመኛ አልተነጋገርንም፤ የተረፈን ጥያቄ ከየትኛው ጋር ሥራ ይጠናቀቃል የሚለው ብቻ ሆነ።

የውሳኔው መጨረሻና የተከፈለበት

ውሳኔው ሪፐር ሆነ፤ ያመጡትም ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ቴኮችን መልቀም ነው፤ ስድስት ጊዜ የዘፈነችው ስንኝ በአንድ ትራክ ሥር ተደርድሮ ይታያል፤ የፈለገችውን ቃል ከፈለገችው ቴክ በአንድ ጠቅታ ታነሣለች፤ የተተወውም አይጠፋም። ሁለተኛው አብነት ፕሮጀክት ማዘጋጀት መቻሉ ነው። የመጀመሪያዋን ምሽት ድካም ያስቀረው ይህ ነበር፤ 48 ኪሎ ኸርዝ፣ 24 ቢት፣ ስም የተሰጣቸው 11 ትራኮች፣ መግቢያቸው አስቀድሞ የተመረጠ፣ ሜትሮኖሙ የተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ላፕቶፑን ከፍታ፣ ማይክራፎኑን ሰክታ ትቀዳለች። ዜማ ሲመጣ የሚጠብቅ ነገር አይደለምና ይህን ከማንኛውም ዝርዝር ብቃት አስበልጬ እመለከተዋለሁ።

አንድ ነገር ግን አስቸግሮን ነበር። ራሷን ከኢንተርፌሱ በቀጥታ ስትሰማ ድምፅዋ ደረቅ ሆኖ ስለሚመጣባት መዝፈን ይከብዳታል፤ ሪቨርብ፣ ማለትም የክፍል ማስተጋባት የሚመስል ድምፅ፣ ትፈልጋለች። በፕሮግራሙ በኩል ብታደምጥ ደግሞ ዋናው ድምፅ ይዘገያል። መፍትሔው ሁለቱን ማጣመር ነበር፤ ደረቁ ድምፅ በቀጥታ ከኢንተርፌሱ፣ ከፕሮግራሙ ደግሞ ንጹሕ ድምፅ የሌለበት ሙሉ በሙሉ ሪቨርብ ብቻ። ሪቨርብ በተፈጥሮው ከድምፁ ትንሽ ዘግይቶ የሚመጣ ስለሆነ የጥቂት ሚሊ ሰከንዱ መዘግየት ጭራሽ አይታወቅም። ሪቨርቡ የሚሰማ እንጂ የሚቀዳ አይደለም።

ከበሮና ቤዙ በውጭ ባሉ ነፃ የቪ ኤስ ቲ መሣሪያዎች ተሠሩ፤ ለቀረጻ ስትዘጋጅም ላፕቶፑን እንዳይከብዱት ወደ ኦዲዮ ይቀየራሉ። የፈቃዱ ጉዳይም ቀላል ነበር፤ በስሪት 7 የተገዛ ፈቃድ እስከ 8.99 ድረስ ያገለግላል፤ ወርኃዊ ክፍያ የለውም።

ፈቃዱን ከመግዛቷ በፊት ግን ፕሮ ቱልስን ያስመኛት ስጋት መፈተን ነበረበት። የመጀመሪያው ዘፈን ገና ሳይጠናቀቅ ወደ ባለሙያው ላክነው፤ እያንዳንዱ ትራክ ከዜሮ ሰከንድ የሚጀምር የዋቭ ፋይል፣ በስሙ ላይ የዘፈኑ ምት የተጻፈ፣ የሚዲ ፋይልና የእርሷ ረቂቅ ሚክስ አብሮ። ባለሙያው በፕሮ ቱልስ ሲከፍተው ሁሉም በየቦታው ገጠመ። ያቀረበው ቅሬታ አንድ ብቻ ነበር፤ የተቀባይ ድምፆቹ ፋይሎች ሲወጡ ሪቨርብ አብሮ ገብቶባቸው ስለመጡ ደረቁን ላኩልኝ አለ። በማግሥቱ ተላከለት።

አራተኛው ዘፈን ከተረከበ በኋላ ከዓመት በፊት በአሮጌው ፕሮግራም ወደ ቀዳችው ዘፈን ተመለስን። የድምፁን ትራክ መርጠን ቀደም ሲል በገመድ በለካነው መጠን፣ ማለትም በ112 ሚሊ ሰከንድ፣ ወደ ፊት ሳብነው። ከጊታሩ ጋር ከመጀመሪያው ስንኝ እስከ መጨረሻው ገጠመ። ሁለት ጊዜ አዳመጠችው፤ ከዚያም ያንን ቀረጻ እንደገና ሳትዘፍነው ለአምስተኛው ዘፈን መሪ ድምፅ አድርጋ አስቀመጠችው።